በሐልዮ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአባ ወልደ ዮሐንስ፣

በጸሎትዎ መካከል ገብቼ ሰላም ማለቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። እንዴት ሰነበቱ? የእግርዎ ቁርጥማት ተሻለዎት? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ጥር 15 ቀን ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ ዜማ ብለናታል። አባቴ በሕይወት ቢኖር «ወንድሜ ሳይሰማ አላድርም» ብሎ ራሱ በጀልባ ይመጣልዎ ነበር። እኔ ሴት ሆኜ ደሴታችሁን መርገጥ አልችልም፤ እርስዎም ስልክ አይዙም። ያለኝ መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገዳሙ እህል የሚያደርሰው አስናቀ ብቻ ነው።

አራስ የሚጠብቁኝ አማቴ እትዬ ሸጊቱ ናቸው። ከቆላ ድባ ሲመጡ የገንፎውን እህል ያስፈጩት ልጅዎ አካሉ ወፍጮ ቤት ነው። «ለአባ ወንድም ልጅ ነው ብለው ሌላውን ሁሉ አቁሞ ፈጨልኝ» አሉኝ። ሦስተኛ ልጁን ወልዷል። «ለአባ ሰላምታ አልላከም?» ብላቸው ወሬውን ወደ ሽሮው መለሱት።

የዜማ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ፣ ሚያዝያ 4 ነው። እስከዚያ እኔም ቤተ ክርስቲያን አልገባምና በጸሎት ያስቡኝ።

አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። ሰው ያልሠራውን፣ ሊሠራውም የማይፈልገውን ነገር በሐሳቡ ቢያይ ኃጢአት ይሆንበታል? የምጠይቀው ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ልጅቷ ተጨንቃለች።

ልጅዎ ፍሬ ስብሐት


ከደሴቱ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬ ስብሐት፣

ማኅፀንሽን የባረከ አምላክ ጡትሽንም ይባርክልሽ። ሕፃኗን በዕድሜ በጸጋ ያሳድግልሽ። ለመልካሙ ሰላም በይልኝ፤ አባት ሆነ ማለት ነው፣ እንግዲህ እንቅልፉን ይሰናበት። እግሬ እንዳለ ነው። እኔም እንዳለሁ ነኝ።

ስለ ባልደረባሽ። ኃጢአት በሦስት ይሠራል፤ በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር። በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት ማለት ነው። ሰው የሚፈራው ሦስተኛውን ነው፤ ሰው ስለሚያየው። አንደኛው ግን ሥሩ ነው። ክርስቲያን እጁን ታጥቦ ልቡን ሳይታጠብ ማዕድ ቢቀርብ ምን ይረባዋል? ሐሳቧን ትጠብቅ። በደጅ ሳለ ካልመለሰችው፣ ከገባ በኋላ ባለቤት እሷ አይደለችም።

ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ባልደረባሽ አራስ መሆኗንም አልጻፍሽልኝም፤ እሱን ግን ራሴ ደርሼበታለሁ። በይ አትሸሽጊኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

ዐቢይ ጾም ሰኞ ይገባል። አንቺ አራስ ነሽና ብዪ።

አባትሽ አባ ወልደ ዮሐንስ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአባ ወልደ ዮሐንስ፣

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽምዎ። ሁላችንም ደኅና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እርስዎን ከዋሸሁ በኋላ ለማን እውነት እንደምናገር ግን አላውቅም።

ባልደረባ የለኝም። እኔ ነኝ።

በተወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን በረንዳ ላይ ፀሐይ ላሞቃት ይዣት ወጣሁ። ያለነው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምንም ሳይመጣ፣ ምንም ሳያናድደኝ፣ «ብጥላትስ?» የሚል ነገር በራሴ ውስጥ አለፈ። ማለፍ ብቻ አይደለም፣ አየሁት። አባ፣ ስትወድቅ አየኋት። ሮጬ ገባሁና በሩን ቆለፍሁ። ከዚያ ወዲህ ቀን የለኝም። ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣል። ሳጥባት ይመጣል። ስትስቅልኝ እንኳ ይመጣል። ቢላዎቹን ሁሉ ቁም ሣጥን አናት ላይ አወጣሁና እትዬ ሸጊቱ «ይቺ ልጅ በጥርሷ ልትከትፍ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በፋብሪካው ሥራዬን ያውቁታል፤ ጨርቅ መብራት ላይ ዘርግቼ እንከን እፈልጋለሁ። አሁን ቀኑን ሙሉ የምዘረጋው ራሴን ነው። ዜማን እወዳታለሁ። የሚወድ ሰው ይህን ያስባል? ለመልካሙ አልነገርሁትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ መጥተው ሲጠይቁኝ «ደኅና ነኝ» ብዬ ሸኘኋቸው። ትናንት እትዬ ሸጊቱ ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አሉ። ጡት እያጠባሁ ነበር፤ ወተቴ ቆመ።

ከደጅ መልሽው ብለውኛል። እንዴት ነው የሚመለሰው? ሥርዓት ይስጡኝ፤ የሚከብደውን ይስጡኝ። ጸበልም ይላኩልኝ።

ልጅዎ ፍሬ ስብሐት


ከደሴቱ
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬ ስብሐት፣

እመቤታችን በልጅሽና በአንቺ መካከል ትቁም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኑዛዜ በወረቀት አይፈታም፤ ይህን እንደ ኑዛዜ ሳይሆን እንደ ጩኸት ሰምቼዋለሁ። ክፉ ሐሳብ ነው፣ ከባድ ነው፣ ቀልድ የለበትም።

በአስናቀ እጅ የራሴን መቁጠሪያ ልኬልሻለሁ። እኛ እዚህ የምንይዘው ሥርዓት ይህ ነው፤ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ያለሽበትን ሥራ አቁመሽ አርባ አንድ ጊዜ «ኪርያላይሶን» በይ። ሐሳቡ ስንት ጊዜ እንደ መጣ በየቀኑ በወረቀት ያዥ፤ ጠላቱን ያልቆጠረ አያሸንፍም። ስግደቱ ይቅርሽ። ከሕፃኗ ጋር ብቻሽን አትቀመጪ። ሲመጣብሽ ለሌላ ሰው ስጪያት። ጸበሉንም ልኬዋለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ለአራት ሳምንት በዓቴን እዘጋለሁ፤ ሰው አላይም፣ ወረቀትም አልቀበልም። የምትጽፊውን በረኛው ያስቀምጥልኛል። አይዞሽ።

አባትሽ አባ ወልደ ዮሐንስ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአባ ወልደ ዮሐንስ፣

ሱባኤዎን ይቀበልዎ። በዓትዎን እንደ ዘጉ አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልሁ ነው የምጽፈው።

እንዳዘዙኝ ቆጠርሁ። እሑድ ዐሥራ አራት። ሰኞ ሃያ ዘጠኝ። ረቡዕ ስድሳ አንድ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ «ይቺኛዋ ተቆጥራለች ወይስ አልተቆጠረችም?» ስል ሌላ ይመጣል። አርባ አንዱን ሳልጨርስ አዲሱ ስለሚደርስ ወደ ኋላ ተመልሼ ከአንድ እጀምራለሁ። ዜማ ስታለቅስ «ቆይ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ነኝ» እላታለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዛሬ የአርባ አምስት ቀን ክትባቷ ነበር። ክትትሌ ፋሲሎ ጤና ጣቢያ ስለሆነ ዓባይን መሻገር ግድ ነው። መልካሙ ለሥራ መስክ ወጥቷል፤ እትዬ ሸጊቱ ወገባቸውን አሟቸው ተኝተዋል። ዜማን አቅፌ ባጃጅ ያዝሁ። አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ቄጤማ ይዛለች፤ አላውቃትም። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ሐሳቡ መጣ። እንደ ሌላው ቀን አይደለም፤ ውኃውን አሳየኝ። ለሌላ ሰው ስጪያት ብለውኝ የለ? ባለ ባጃጁን አስቆምሁትና ዜማን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። «አንቺ ያዢልኝ፣ እኔ በእግሬ እሻገራለሁ» አልሁ። ሴትዮዋ ደንግጣ ተቀበለችኝ። ባጃጁ ሄደ።

ባዶ እጄን ድልድዩ ላይ እየሮጥሁ ነው የገባኝ። ስሟን አላውቅም። የባጃጁን ታርጋ አላየሁም። ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ማዶ ስደርስ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ዜማ ሴትዮዋ ጭን ላይ ተኝታለች። «ምነው፣ ድልድይ ትፈሪያለሽ?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኋት። አገርነሽ ትባላለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ማህሌት አየት አድርጋኝ «እንቅልፍ አለሽ? የሚያስፈራሽ ሐሳብ ይመጣብሻል? ለብዙ እናቶች ይመጣል፣ አታፍሪ» አለችኝ። «የለም» አልኋት። ብነግራት ልጄን የሚወስዱብኝ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ቢወስዱልኝ ይሻላታል አልሁ።

አባ፣ በቶሎ ይክፈቱ።

ፍሬ ስብሐት


ባሕር ዳር
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባ ወልደ ዮሐንስ፣

አሁንም መልስ እንደማይኖር አውቃለሁ። ወስኛለሁ። ከክርስትናዋ ማግስት እትዬ ሸጊቱ ዜማን ይዘዋት ቆላ ድባ ይሄዳሉ፤ ፋብሪካው ፈቃድ አልሰጠኝም ብያቸው አምነውኛል። እኔ ወደ እናቶች ገዳም እገባለሁ። ለመልካሙ እዚያ ከደረስሁ በኋላ እጽፍለታለሁ።

እርስዎ ሚስትም ልጅም ትተው ለእግዚአብሔር ብለው ሄደዋል። በቤታችን ስምዎ ሲነሣ አባቴ ይቆም ነበር። እኔ የእርስዎን ያህል ንጹሕ ልብ የለኝም፤ እኔ የምሄደው እሷን ከእኔ ለማዳን ነው። እማሆዮቹ እንዲቀበሉኝ አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ከእሑድ ወዲህ አላቀፍኋትም። ጡቴን አልቤ በጡጦ እትዬ ሸጊቱ ያጠቧታል። ከበሩ ሆኜ አያታለሁ።

ፍሬ ስብሐት


ከደሴቱ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬ፣

ሰላምታውን ዛሬ እለፊልኝ። በዓቴን ስከፍት በረኛው ሁለቱን ደብዳቤዎች አንድ ላይ ሰጠኝ። አስናቀ አንድ የታመመ መነኩሴ ሊወስድ መጥቶ ወደቡ ላይ ነው፤ ሞተሩን እንዳያስነሣ ለምኜ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ቢዝረከረክ ታገሺኝ።

መቁጠሪያውን አስቀምጪ። አትቁጠሪ። ያ ሥርዓት ሕፃን ለማያለቅስበት ቤት የተሠራ የመነኩሴ ሥርዓት ነው፤ ላንቺ መስጠቴ የኔ ጥፋት ነው። ሐይቁን የወረረውን እንቦጭ ታውቂያለሽ። እኛ አልተከልነውም፣ ነፋስ ነው ወደ ዳርቻችን የሚያመጣው። መጀመሪያ ጊዜ በማጭድ ከታተፍነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ሆኖ በቀለ። ላንቺም ያዘዝሁሽ መከታተፍ ነው።

ለእማሆዮቹም አልጽፍልሽም። ለምን እንደማልጽፍ ልንገርሽ፤ አባትሽ ይህን ሳይሰማ ነው የሞተው።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲያቆን ነበርሁ፤ ጽጌን አግብቼ አካሉ ተወልዶ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። አጨዳ ላይ ነን። ጽጌ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ልጁን አቀፍሁት፤ በሌላው እጄ ማጭድ ነበር። ያኔ ሐሳቡ መጣ። አንቺ በረንዳው ላይ ያየሽውን እኔ እዚያ እርሻ ላይ አየሁት። ማጭዱን ወረወርሁ፣ ልጁን ነዶ ላይ አስተኛሁ፣ ሃያ እርምጃ ርቄ ቆምሁ። ጽጌ ስትመለስ እሱ ያለቅሳል፣ እኔ ቆሜያለሁ። «ምን ሆንህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኋት። ከዚያ በኋላ አላቀፍሁትም። በዐሥረኛው ቀን «ቅኔ ልማር» ብዬ ወጣሁና እዚህ መጣሁ።

እዚህ ለነበሩ አንድ አረጋዊ አባት ተናዘዝሁ። «ልጄን በሐልዮ ገድያለሁ» አልኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ሐሳቡ ሲመጣ ደስ አለህ?» አሉኝ። «ሞቴን ተመኘሁ» አልኋቸው። «እንግዲያ በሐልዮ መበደል ይህ አይደለም። እሱ ልብ ተስማምቶ ሲያስገባው፣ ሲያበላው፣ ሲመክርበት ነው። አንተን የያዘህ ፍርሃት ነው። ነገ ታንኳ አለ፤ ሂድና ልጅህን እቀፍ» አሉኝ። አላመንኋቸውም። ያረጁና ነገር ያቀለሉ መሰለኝ። ታንኳው ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ሰው «መነነ» አለኝ፤ እኔም አልካድሁም።

አካሉ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው መጥቶ ነበር። ከበዓቴ በር ውጭ ተቀምጦ ዋለ። እኔ ከበሩ ወዲህ ነበርሁ፤ ሲያስል እሰማዋለሁ። ያ ሐሳብ ይመለሳል ብዬ አልከፈትሁለትም። ዐሥራ ሰባት ዓመት! እኔን በአንድ እጁ አንሥቶ የሚጥል ጎረምሳ! ምን አደርገዋለሁ ብዬ ነው? ሲመሽ ሄደ። ጽጌ ሌላ ባል ሳታገባ፣ ምን እንደበደለችኝ ሳታውቅ ሞተች።

ልጄን በሐሳቤ አልጎዳሁትም፣ ፍሬ። የጎዳሁት በመሄዴ ነው። አርባ ዓመት የጸለይሁት ስላልሠራሁት ነው፤ ስለሠራሁት ገና አልጀመርሁም። አንቺም ድልድዩ ላይ ያንን ሐሳብ ስትሸሺ ልጅሽን ለማታውቂያት ሴት ሰጠሽ። ሐሳቡ ምንም አላደረጋትም። ሽሽቱ ግን ሊያሳጣሽ ነበር።

ዛሬውኑ ለመልካሙ ንገሪው። ነገ ወደዚያች ነርስ ሂጂ፤ የጻፍሽልኝን ሁሉ ሳታሳንሺ ንገሪያት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ልሁን ብዬ ነው ያባባስሁብሽ። ንስሐ አባትሽም ይወቁ። የክርስቲያን ሐሳብ መጠበቅ አለበት ያልሁሽን አልሽርም፤ ብቻሽን ጠብቂው ማለቴ ግን ስሕተት ነው።

አስናቀ እየጠራኝ ነው። ልጅሽን እቀፊያት።

ወልደ ዮሐንስ


ከደሴቱ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬ፣

አምላክ ደጅሽን ይጠብቅ። ቅዳሜ አስናቀ መጣ፤ ባዶ እጁን። «ወረቀቱን ለአሮጊቷ ሰጠሁ፣ እሷን አላየኋትም» አለኝ። እትዬ ሸጊቱ አንብበውት ይሆን? ለመልካሙ ሰጥተውት ይሆን? ወይስ አንቺ ቀድመሽ ሄደሻል? ስምንት ቀን ሙሉ ማሕሌት ቆሜ ምን እንደምል አላውቅም፤ ትናንት «ምነው አባ፣ ዳዊቱን ደገሙት እኮ» ብለው ወንድሞች ጎተቱኝ።

ለአበምኔቱ ሁሉን ነገርሁ፤ የአርባ ዓመቱንም ጭምር። እስከ ቅዳሜ ቃልሽ ካልመጣ ወጥቼ እንድፈልግሽ ፈቅደውልኛል። ከወጣሁ አካሉንም ሳላይ ስለማልመለስ ለእሱም አስቀድሜ ጽፌለታለሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ምን እንደሆነ ብቻ ነው የነገርሁት። አምስት ገጽ ጽፌ አራቱን ቀደድሁ።

አንዲት መስመር ላኪልኝ። አንዲት ቃል።

ወልደ ዮሐንስ


ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአባ ወልደ ዮሐንስ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። በክርስትናዋ ቀን በአስናቀ «ዜማ እቅፌ ውስጥ ናት» ብዬ በቃል ልኬልዎ ነበር፤ እንደደረሰዎና ጓዝዎን እንደፈቱ ነግሮኛል። ስላዘገየሁብዎ ይቅር ይበሉኝ። ያን ሳምንት እስክሪብቶ መያዝ አልቻልሁም።

እትዬ ሸጊቱ ደብዳቤዎን አልከፈቱትም፤ ማንበብም አይችሉም። ግን ሲሰጡኝ ፊቴን አይተው አልሄዱልኝም፤ እዚያው ተቀምጠው እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የእርስዎን አነበብሁላቸው፤ እኔ የጻፍሁልዎንም በቃሌ ነገርኋቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። መልካሙ በተወለደ ሰሞን እሳቸውም ምጣድ አጠገብ ሊያስቀምጡት ይፈሩ እንደነበረ ነገሩኝ። «ለምን እንደሆን ማን ጠይቆኝ ያውቃል!» አሉ። መልካሙ በማግስቱ ከመስክ መጣ። ስነግረው ፈራ፤ ፈርቶኝ ይሁን ፈርቶልኝ አላወቅሁም። ከዚያ ሲስተር ማህሌት ጋ አብሮኝ ሄደ። እሷ ወደ ሐኪም ላከችን። ሐኪሙም እንደ እርስዎ አረጋዊ አባት «ሐሳቡ ሲመጣ ምን ይሰማሻል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በሽታው ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው አለኝ። መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ። ንስሐ አባቴ ሰምተው «ይህን ይዘሽ ነው ደኅና ነኝ ያልሽኝ?» ብለው አለቀሱ።

ለክርስትናዋ ድልድዩን ስንሻገር እኔ ነኝ የያዝኋት። ሐሳቡ ማዶ አልቀረልኝም፤ አብሮን ተሻገረ። እጄ ላብ አጥምቆት ነበር፣ መልካሙ የመታቀፊያዋን ጠርዝ ይዞልኛል። ክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው።

ስለ አካሉ የማውቀው ጥቂት ነው፤ እሱንም ብደብቅዎ ይሻል ነበር፣ ግን መደባበቅ ይብቃን። እትዬ ሸጊቱ ለፋሲካ ቆላ ድባ ሄደው ነበር። ደብዳቤዎ ከደረሰው በኋላ ሦስት ቀን ወፍጮውን አልከፈተም። በአራተኛው ቀን ከፈተ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ እንጃ። እኔ አማላጅ አልሆንዎትም፤ እንደገና ይጻፉለት። ባይመልስም ይጻፉለት።

ድኛለሁ አልልም። ሐኪሙም ቀስ በቀስ ነው ብሎኛል። አንዳንድ ቀን ሁለቴ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ መምጣቱን ልብ ሳልል ይመሻል። አልቆጥረውም። ትናንት ዜማን ሳጥባት መጣ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ሳሙናው ዓይኗ እንዳይገባ ግንባሯን በእጄ ደገፍ አድርጌ፣ ማጠቤን ቀጠልሁ።

ልጅዎ ፍሬ ስብሐት